ዝም ብሎ የሚወርደው ባቡር

ጋሼ ዘውዴ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት የሰፈራችን ሴትዮ፣ «ያ ባቡር ነጂው ሰውዬ አረፉ አሉ፣ ነፍስ ይማር» አሉኝና ትንፋሽ ሳይወስዱ ስለ ክረምቱ ጭቃ ማውራት ቀጠሉ።

«የትኛው ባቡር ነጂ?» አልኳቸው። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«ያ እንኳን፣ ወተት ሻጯን የገደለው!»

በቃ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ነድተው ንፋስ ስልክ ላይ የቀረላቸው ስም ይኼ ነው። ሹፌሩን «አቁምልኝ» አልኩና ወርጄ ቀሪውን መንገድ በጭቃው በእግሬ ሄድኩ።

ዘንድሮ ነው የተመረቅኩት። ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ፣ እንግዲህ ረጋ በይ» ይለኛል። ረጋ ማለት አልፈጠረብኝም። ይኼን የምጽፈውም ረግቼ አይደለም። ስለ ጋሼ ዘውዴ የሚወራው ወሬ ስላንገበገበኝ ነው፤ ከዚያ ወሬ ውስጥ የጎደለውም የኔው ድርሻ ስለሆነ ነው።

የእኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። አጭር ሰው ናቸው። ቀኝ ፊታቸው ከግራው ይጠቁራል፤ የባቡሩ መስኮት በቀኛቸው በኩል ስለሆነ ስንት ዓመት ፀሐይ በአንድ ወገን ብቻ መትቷቸዋል። እናቴ «ዘውዴን ከግራ ያየ ቀይ ነው ይላል፣ ከቀኝ ያየ ጠይም ነው ይላል፣ ሁለቱም አልዋሸም» ትላለች። ደግሞ አንድ አመል ነበራቸው። ሰው ነገር ሲያጠብቅ፣ ክርክር ሲግል፣ ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ ስታደርግ፣ ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ቀስ አድርገው ያነሳሉ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ። አይናገሩም። እጃቸውን ማንሳት ብቻ ነው። የባቡሩን የጋዝ እጀታ ሲለቁ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ተዪው፣ አሁን በራሱ ይሄዳል ማለታቸው ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች በዚህ እጅ ምክንያት ያልተናደዱበት ቀን የለም። ወጥ ሲሠሩ ጋሼ ዘውዴ ደጃፍ ላይ ይቆሙና፣ «አሰለፈች፣ እሳቱን አውጪው። ድስቱ ራሱ ይጨርሰዋል» ይሏቸዋል።

«ይኼ ምስር እንጂ ባቡር አይደለም!»

«ድስቱ ገና ትኩስ ነው። አሁን የምትጨምሪው እንጨት ሁሉ ለሰማይ ነው።»

«ሂድና ለገሃር ንዳ፣ እዚህ ነጂዋ እኔ ነኝ!»

እኔንም አልማሩኝም። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው እየሮጥኩ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«አልማዝ፣ በሩ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«አንቺስ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ?»

«ሩብ ጉዳይ።»

«እና ሩብ ሰዓት በሩ ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ታዲያ ለምን ሮጥሽ?»

«መሮጥ ስለምወድ!» አልኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያው አንቺም የኛን የሰዓት ሰሌዳ ያወጣሽ ነሽ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የባቡሩ መንገድ አንድ ሐዲድ ብቻ ነው፤ ወራጁና ወጪው ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል በሰፈራችን ጀርባ የሚያልፈው የሰው ባቡር አቃቂ ደርሶ፣ ከታች የሚመጣውን የዕቃ ባቡር ቆሞ ይጠብቃል። ሰሌዳው ግን በቶሎ አቃቂ ድረስ ይላል። ስለዚህ ነጂዎቹ በቁልቁለቱ ላይ እንኳን ጋዝ እየሰጡ ይጋልባሉ፣ ጣቢያው አፍ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ይዘው ያስጮሁታል፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ቆመው ያዛጋሉ። ጋሼ ዘውዴን ይኼ ነገር ያማቸው ነበር። እንደ ሕመም ነው የሚያወሩት።

«ፍሬን የናፍታ መቃብር ነው» ይላሉ። «ያቃጠልከውን ሁሉ እዚያ ትቀብረዋለህ። ቁልቁለት ደግሞ የእግዜር ናፍታ ነው። እግዜር የሰጠህን ትተህ ከባሕር ማዶ የመጣውን ታቃጥላለህ!»

ሐሳባቸው ይኼን ያህል ቀላል ነበር፦ አቃቂ ላይ በመቆም የሚባክነውን ደቂቃ ወደ መንገዱ አምጡት። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ከጎተራ በታች ካለው መታጠፊያ ጀምሮ ጋዙ ይዘጋ፣ እስከ ጣቢያው በራሱ ይውረድ። መንገደኛው አይዘገይም፤ ያው የዕቃ ባቡሩን መጠበቁ አይቀርም። ማስረጃም ነበራቸው። የብሳና ዱላ ጠርበው የናፍታውን ጋን ጥልቀት ይለኩበታል። በአንደኛው ጎን እንደ ታዘዙት የነዱበትን ቀን ልክ በቢላ ይቀርጹበታል። በሌላኛው ጎን በራሳቸው መንገድ የነዱበትን። የዕቃ ባቡሩ ሊዘገይ ነው ተብሎ ስልክ የተደወለ ቀን፣ እሳቸው በሐሳባቸው መሠረት ይነዱና ይለካሉ። ዱላውን ሳሎን ውስጥ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ። እንግዳው «ጥሩ ዱላ ነው» ይላቸዋል።

አንድ ጊዜ ከእናቴ ጋር አቃቂ ዘመድ ልንጠይቅ በእሳቸው ባቡር ሄድኩ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ የሞተሩ ጩኸት ቀጥ አለ። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቁሞ ተያየ። አንዷ አማተበች። «ተበላሸ!» አለ አንዱ። ከዚያ የመንኮራኩሩ ቀ-ቀ፣ ቀ-ቀ ብቻ መሰማት ጀመረ። ውጪ ላም ስትጮህ ሰማን። ከባቡር ውስጥ የላም ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በሕይወቴ ያን ያህል ረግቼ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያኔ የመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ዓመቴ ነበር። ፈረንሳይኛ አውቃለሁ፤ የመሥሪያ ቤታቸው አለቆች ደግሞ ፈረንሳይኛ እንጂ ሌላ አያነቡም። ጋሼ ዘውዴ በአማርኛ ሦስት ጊዜ አመልክተው መልስ አላገኙም። በአራተኛው ወደኔ መጡ። ዱላውን ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ባለጉዳይ ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጡ።

«በፈረንጁ አፍ ጻፊልኝ። አንቺ ፈጣን ነሽ።»

ሁለት ሰንበት ፈጀብን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ስለ እያንዳንዷ መታጠፊያ፣ ስለ እያንዳንዷ ዛፍ ያወራሉ። «ጋሼ፣ ዛፉ ምን ይሠራል?» እላቸዋለሁ። «እጁን የሚያነሳው እዚያ ነዋ! ዛፉን ካላወቀ በምን ያውቃል?» እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የአለቃው ጸሐፊ የነገረቻቸውን ነው የማስበው። ከአንድ ገጽ በላይ የሆነ ማመልከቻ ሙሴው፣ ፈረንሳዊው አለቃ፣ አያነብም ብላቸዋለች። አንድ ገጽ። ዛፎቹን ሁሉ ቆረጥኳቸው።

ወተት የምታመጣልን እማማ ወርቂቱ ከላፍቶ በኩል ነበር የምትመጣው። ትልቅ ቆርቆሮ ወተት በጀርባዋ አዝላ ሐዲዱን ትሻገርና እኛ ሰፈር አዳርሳ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ትወጣለች። መሻገሪያው ያው ጋዙ የሚዘጋበት መታጠፊያ ጫፍ ላይ ስለሆነ ባቡር በዓይን አይታይም። የዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚሻገረው በጆሮው ነው። ቆርቆሮውን መሬት ያስቀምጣል፣ ትንፋሹን ይዞ የሞተር ጩኸት ያዳምጣል፣ ጭጭ ካለ ይሻገራል። ባቡሩ ጡሩምባ ነበረው፤ ግን አጠገቡ ያለው ፋብሪካም ልክ በአንድ ሰዓት ሠራተኛውን የሚጠራው በጡሩምባ ነው። ስለዚህ ጡሩምባን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሞተሩ ነው የሚታመነው፤ እሱ መሬት ያንቀጠቅጣል።

እማማ ወርቂቱ አንድ ጠዋት የጋሼ ዘውዴን እረፍት ቀን ጠብቃ በራቸው ላይ ያዘቻቸው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

«ኦቦ ዘውዴ! አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«ምን አጠፋሁ ወርቂቱ?»

«ያንተ ባቡር ሌባ ነው! የሌላው ባቡር እንደ በሬ እየጮኸ ይመጣል። ያንተ እንደ ድመት። ትናንት ከኋላዬ ነፋስ ሲነካኝ ዞር ብል አለፈ! አንድ ቀን ከነወተቴ ልትወስደኝ ነው?»

«ጡሩምባ ነፍቼ ነበር እኮ።»

«እኔ ለጡሩምባ ከቆምኩማ ስንት ዓመት ፋብሪካ ገብቼ ሠርቼ ነበር!»

እሷ ሳቀች፣ እትዬ አሰለፈች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ጋሼ ዘውዴ አልሳቁም። ወተቱ ተቀድቶ እሷ እንደሄደች ወደኔ መጡ።

«ማመልከቻው አልቋል?»

«ዛሬ በንጹሕ እገለብጠዋለሁ።»

«አንድ ነገር ጨምሪበት። ባቡሩ ጋዝ ዘግቶ ሲወርድ ድምፅ የለውም። መሻገሪያው ላይ አንድ ሰው ይቁም፣ የሚሻገረውን የሚያስቆም። ይኼ ሳይሆን ሥራው እንዳይጀመር በይልኝ። እንዳይጀመር። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ገብቶኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ቦታ የለም። አንዲት መስመር እንኳን ብጨምር ፊርማው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይሄዳል። ደግሞ ሌላም አሰብኩ፣ አልዋሽም፦ ይኼ ሐሳብ አደጋ አለው ብለን በገዛ እጃችን ከጻፍን፣ ተጨማሪ ሰው ቅጠሩ ካልን፣ ሙሴው ለእምቢታው ምክንያት አገኘ ማለት ነው። መጀመሪያ እሺ ይበል፣ ሰውየው በኋላ ይቆማል አልኩ። ጠቃሚውን ነገር ቶሎ ላድርስላቸው ብዬ ነው። ሮጬ መድረስ እወዳለሁ ብዬ የለ?

አንድ ገጽ ሆነች። ፈረሙ። ምን እንደፈረሙ አያነቡትም።

ሳምንት ሳይሞላ ሙሴው ጠራቸው። ላስተርጉም አብሬ ሄድኩ። ቢሮው ወለሉ የተወለወለ ነው፤ ጋሼ ዘውዴ ጫማቸው እንዳያቆሽሸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ሙሴው ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበበ። ዱላውን ተቀብሎ በሁለቱም ጎን አገላበጠው። «ይኼን ማን ቀረጸው?» አለ። «እሳቸው ናቸው» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላው ዱላ እንዳልሆነ የገባው ሰው አገኙ። ጋሼ ዘውዴ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንድ ወር እንሞክረው» አለ ሙሴው። «ሌላ የሚሉት አለ?»

አስተረጎምኩላቸው። ጋሼ ዘውዴ ወደኔ ዞሩ።

«የመሻገሪያውን ሰው ነገር ጽፈሽዋል አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ ጽፌዋለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ የለኝም በይው።»

«ሌላ የላቸውም» አልኩት።

ስንወጣ ከለገሃር ደረጃ ላይ እየሮጡ ወረዱ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሙከራው ተጀመረ። መሻገሪያው ላይ የቆመ ሰው የለም። ጋሼ ዘውዴ ጠየቁኝ፣ «እስካሁን ሰው አልላኩም?» «ይልካሉ፣ ቢሮ አይደል፣ ይዘገያል» አልኳቸው። በየጠዋቱ መታጠፊያው ጋ ጡሩምባውን አስረዝመው ይነፉ ነበር። ፋብሪካውም ይነፋል። ዱላው ላይ ያሉት ምልክቶች እያደር ጥሩ ሆኑ። ሌሎቹ ነጂዎችም «እጅ ማንሳት» ለመዱ፤ የሚያሾፉትም ሳይቀሩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ካፊያ በሚጥልበት ጠዋት፣ እማማ ወርቂቱ ቆርቆሮዋን መሬት አስቀመጠች። ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። ጭጭ ነው። ቆርቆሮዋን አዝላ ተሻገረች። ጋሼ ዘውዴ ከመታጠፊያው ብቅ ሲሉ አይተዋታል። ፍሬኑን ይዘዋል። እርጥብ ሐዲድ ላይ ፍሬን ምን ይሠራል። ሌላውን አልጽፈውም። ወተቱ እስከ ማግስቱ ድረስ ጠጠሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። እሱን አይቻለሁ።

ሙከራው የዚያኑ ቀን ቆመ። የሰዓት ሰሌዳው ወደ ነበረበት ተመለሰ። መርማሪዎች ተቀመጡ፣ ጋሼ ዘውዴ ከነጂነት ተነሱ፣ ጡረታቸው እስኪደርስ ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። ስለ ናፍታ ዳግመኛ አልተናገሩም። እትዬ አሰለፈች እንዲናገሯቸው ፈልገው ሆን ብለው እሳት ያበዛሉ፤ ጋሼ ዘውዴ በደጃፉ አልፈው ይሄዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት፣ ያንን የብሳና ዱላ ይዘው መሻገሪያው ላይ ይቆሙ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ባቡሩ እንደ ድሮው ሞተሩን እያስጓራ ነው የሚመጣው፤ ደንቆሮ እንኳን በእግሩ ይሰማዋል። እሳቸው ግን ዱላውን አግድም ይዘው ሰው ያስቆማሉ፣ ሲያልፍ «እለፉ» ይላሉ። ልጆች «ዘበኛው! ዘበኛው!» እያሉ ያላግጡባቸዋል። አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀና ሄጄ ጮኽኩባቸው።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ይሰማል! ለማን ነው የሚቆሙት?»

«ሰው ይቁም ብዬ አልነበር?» አሉኝ። «ይኼው ቆመ።»

ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ፈተና ደርሶብኛል፣ ልሂድ» ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ስመረቅ ቤታችን መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ደረስሽ?» አሉኝ። «ደረስኩ ጋሼ።» «እንግዲህ ቁልቁለቱን ተጠቀሚበት።» ያን ቀንም አልነገርኳቸውም። ሲደክማቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ሲደክማቸው ደግሞ ሲሻላቸው አልኩ። አልተሻላቸውም።

ለቅሶው ላይ፣ ባቡሩን ሲነዱ ረዳታቸው የነበሩት ጋሽ ሙሳ ከድሬዳዋ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ አገኘኋቸው። ሥራቸውን ወደዚያ አዛውረው ስለነበር ከአደጋው ወዲህ አልተያየንም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስለ ምርመራው ጠየቅኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። ምናልባት ሌላ ሰው ሌላ ጥፋት ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ነው።

«አንቺ አልሰማሽም እንዴ?» አሉኝ። «ያቺን ማመልከቻ አምጥተው ቃል በቃል በአማርኛ አነበቡለት። ከላይ እስከ ፊርማው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ስለ መሻገሪያው አንዲት ቃል የለባትም። ከዚያ ‹ባቡሩ ድምፅ እንደማይኖረው አስቀድመህ ለአለቃህ አሳውቀሃል ወይ?› ብለው ጠየቁት። እኔ ‹አሳውቋል፣ ለኔም ደጋግሞ ነግሮኛል፣ ጽፌያለሁ ብሏል› ልል አፌን ስከፍት…»

ጋሽ ሙሳ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ቀስ አድርገው አነሱ። መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኖ።

«እንዲህ አደረገኝ። ከዚያ ‹አላሳወቅኩም፣ አላሰብኩትም ነበር› አለ። ሲወጣ ‹ምን ነካህ?› ብዬ ስጠይቀው ‹ልጅ ናት፣ ገና መንገድ አላት› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። ያኔ የገባቸው ይመስለኛል። ወደ ሌላ ለቀስተኛ ዞሩ።

ያውቁ ነበር። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «እንዴት አደርሽ አልማዝ» ሲሉኝ ያውቁ ነበር። ግንባሬን ሲስሙኝም።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መሻገሪያው ላይ ሄጄ ቆምኩ። ባዶ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከላፍቶ በኩል አንዲት ልጅ እግር ሴት የወተት ቆርቆሮ አዝላ መጣች። የእማማ ወርቂቱ ልጅ ናት፤ ፊቷ ቁርጥ እናቷን። ቆርቆሮውን አስቀመጠችና ዙሪያውን አየች።

«ያ ሽማግሌ ዛሬ የለም?»

«አርፈዋል» አልኳት።

«በየቀኑ ‹እለፊ ልጄ› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን መልሼለት አላውቅም። እንዴት ልመልስለት? እናቴን እኮ…» አልጨረሰችውም። ከዚያ አየችኝ። «አንቺ ዘመዱ ነሽ?»

«ጎረቤታቸው ነኝ» አልኳት። «ስሚኝማ፣ ስለ እናትሽ…»

መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባቡሩ ከመታጠፊያው ወጣ፣ ጋዙ እስከ ጥጉ ተከፍቶ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በቁልቁለቱ እየጋለበ። የራሴንም ድምፅ አልሰማሁትም። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ እሷ ቆርቆሮዋን አዝላ ሐዲዱን ተሻግራለች። ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር።

አልሮጥኩም። ከሩቅ፣ ከአቃቂ በኩል፣ ፍሬኑ ሲጮህ ሰማሁ።